የስፖንዳው ካቦ ለምን ተበጠሰ?

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ፒክአፕ መኪና አለኝ፤ ወንድሜ ነው የሚነዳው። ሽንኩርትና ቲማቲም እንነግዳለን። ሰኞ ሰኞ ባቲ እንወርድና የኋላውን ስፖንዳ፣ የጭነቱን መዝጊያ፣ ዘርግተን፣ ሚዛኑን እሱ ላይ አስቀምጠን እንሸጣለን። ባለፈው ሰኞ አንድ ጆንያ ሽንኩርት እላዩ ላይ ነበር። ረዳታችን ደግሞ ጫፉ ላይ ቁጭ አለ። የቀኙ ኬብል ጧ ብሎ ተበጠሰ። ሚዛኑ ወደቀ፣ ሽንኩርቱ ተበተነ፤ ልጁ ግን አልሐምዱሊላህ ደህና ነው። ኬብሉ ከውጭ ሲታይ ምንም አልነበረውም። አንዱ ብየዳ ቤት የሳይክል ፍሬን ካቦ ደርቤ አስርልሻለሁ አለኝ። ሌላው ሰንሰለት ይሻላል አለ። የተበጠሰውን ብቻ ልቀይር ወይስ ሁለቱንም? እስከዚያስ በአንዱ መጠቀም ይቻላል?»

አብሽሪ እህቴ። ልጁ ከተረፈ ሌላው ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ይገዛል።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ምክንያቱን ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ። ሁለቱንም ቀይሪ። የሳይክሉን ካቦ እርሺው። ሰንሰለት በአግባቡ ከታሰረ ያስኬዳል። ስፖንዳው ተዘግቶ በደንብ እስከተቆለፈ ድረስ መኪናው ቢነዳ ችግር የለውም፤ ካቦው፣ አንቺ ኬብል ያልሽው፣ ሥራ የሚጀምረው ስፖንዳው ሲዘረጋ ነው። እስኪሠራ ድረስ ግን ስፖንዳ ላይ መሸጥ የለም። ለሚመጣው ሰኞ አንዲት ጠረጴዛ ወይ ሁለት የለስላሳ ሳጥን ይዛችሁ ውረዱ።

አሁን ወደ ነገሩ። «ከውጭ ሲታይ ምንም አልነበረውም» ብለሻል። ካቦ ተበጥሶበት እኛ ጋራዥ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ሁሉም ደግሞ እውነቱን ነው።

ካቦው ውስጡ የብረት ገመድ ነው። አንድ ወፍራም ሽቦ አይደለም፤ እንደ ሹሩባ የተጎነጎኑ ብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። ሽቦዎቹ እንደ ቤታችን ቆርቆሮ ዚንክ የተቀቡ ናቸው። እላያቸው ላይ ጥቁር ፕላስቲክ አለ። ፕላስቲኩ የተደረገው የመኪናውን ቀለም እንዳይፍቅ፣ እንዳይንኳኳና እጅ እንዳይወጋ ነው። ሁለቱ ጫፎች ላይ ደግሞ ቀዳዳ ያለው ብረት አለ። ሽቦው እዚያ ውስጥ ገብቶ በማሽን ተጨፍልቆ ተይዟል።

ጉዱ ያለው ፕላስቲኩ ላይ ነው። ብረቱ በሚጀምርበት ቦታ ፕላስቲኩ ክፍት ነው። ውሃ በዚያ ይገባል። ከገባ በኋላ መውጫ የለውም። ስፖንዳው ሲዘጋ ካቦው ታጥፎ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ውሃውም በሽቦዎቹ መሃል እየሰረገ እዚያው ይተኛል። ፀሐይ አያየውም፣ ንፋስ አይነካው። በላዩ ላይ ያለው ፕላስቲክ ግን ጥቁርና ለስላሳ እንደሆነ ነው። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚባለው ለወንዝ ብቻ አይደለም።

ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ የተበጠሰ ካቦ ይዞ ኮምቦልቻ እኛ ጋራዥ መጣ። ከተቀየረለት በኋላ አሮጌውን ሞርሳ ላይ አስሬ ከዳር እስከ ዳር በምላጭ ሰነጠቅኩት። መሃሉ ላይ ሽቦው ገና ያብረቀርቃል። ከጫፉ ሦስት ጣት ያህል ገባ ስል ግን ቡናማ ዱቄት ልክ እንደ በርበሬ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ዱቄቱን እፍ ብዬ በሰላም የቀሩትን ሽቦዎች ቆጠርኳቸው። 9 ናቸው። ጤነኛው ቦታ ላይ ስቆጥር 49። 49 ሽቦ የሚሠራውን ሥራ 9 ሽቦ ተሸክሞት ከርሟል ማለት ነው። ያንቺውንም የተበጠሰውን አትጣዪው፤ ወንድምሽ በምላጭ ይሰንጥቀው። ከዚያ በኋላ እኔ የምለውን ሁሉ ሳላስረዳሽ ታምኚኛለሽ።

ይሄ የኛ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። ጀነራል ሞተርስ በ2004 እ.ኤ.አ. ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ፒክአፖቹን ለዚሁ ለስፖንዳ ካቦ ሲል መልሶ ጠርቷል። ያውም ገና ብዙ ዓመት ያልተነዱ መኪኖች ናቸው። ዚንክ የተቀባው ካቦ ውስጥ ውስጡን እየዛገ ይበጠስ ነበር፤ ስፖንዳው ላይ የነበሩ ሰዎች ወድቀው ተጎድተዋል። በምትኩ የገባው ከማይዝግ ብረት፣ ከስቴንለስ የተሠራ ካቦ ነው።

እነሱ ጋ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። እኛ ጋ የሚበትን የለም፤ የሚጭን ግን ሞልቷል። ከአፍዴራ የሚነሳው ጨው በሚሌና በባቲ አድርጎ ወደኛ እንደሚወጣ አንቺው ታውቂዋለሽ። አንድ ቀን እንኳ የጨው ጆንያ የጫነ ፒክአፕ ካሶኒው (ዕቃ የሚጫንበት ሳጥን) ማዕዘን ላይ የተረፈው ብናኝ እርጥበት እየጠጣ ለወራት ብረት ይበላል። ማዳበሪያም እንደዚያው ነው፣ ዩሪያውም ሌላውም። ያንቺ ጭነት ደግሞ ቲማቲም ነው። የተጨፈለቀ ቲማቲም ውሃው ኮምጣጣ ነው፤ ዚንክ አይወድም። ያ ውሃ የሚፈሰው ወደ ኋላ፣ ወደ ስፖንዳው ማጠፊያና ወደ ካቦው ነው። ሽንኩርት ብቻ ብትነግጂ ካቦው ትንሽ ይቆይ ነበር። ቲማቲም ተዪ ማለቴ ግን አይደለም!

መንገዱንም አትርሺው። ከደሴ በጉምና በጤዛ ትነሳላችሁ። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ካፖርት ማውለቅ ነው፤ ባቲ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ፕላስቲኩ በፀሐይ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ የደሴ ዝናብ በስንጥቁ ይገባል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ክረምቱ ብቻ አይደለም፣ በልጉም አለ።

ሁለተኛው ነገር ክብደቱ ነው። አንድ ጆንያ ሽንኩርትና አንድ ልጅ ያን ያህል ነው ወይ ትይኛለሽ። ለሒሳቡ እንዲቀለን ጫፉ ላይ 100 ኪሎ አለ እንበል። ሰው የሚመስለው ሁለቱ ካቦዎች 50፣ 50 ይካፈሉታል ነው። አይደለም። ጭነቱ ያረፈው ከማጠፊያው 50 ሳንቲም ርቆ ነው። ካቦው ስፖንዳውን የሚይዘው ግን፣ ለምሳሌ፣ ከማጠፊያው 40 ሳንቲም ላይ ነው። ሌላኛው ጫፉ ካሶኒው ላይ 40 ሳንቲም ከፍ ብሎ ታስሯል። ስለዚህ የሚስበው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሳይሆን በሰያፍ ነው። በሰያፍ ሲሳብ ደግሞ ጉልበቱ በከፊል ይባክናል። ሒሳቡ ሲሠራ በሁለቱ ላይ በድምሩ ወደ 177 ኪሎ ይመጣል፤ ለእያንዳንዱ 88 አካባቢ። የካሶኒው ማሰሪያ ከዚያ ዝቅ ያለ ከሆነ ይብሳል። ልጁ ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ ከተቀመጠ የቀኙ ድርሻ ከፍ ይላል። ዘፍ ብሎ ከተቀመጠ ደግሞ ለዚያች ቅጽበት የሱ ክብደት በእጥፍ ነው።

ጤነኛ ካቦ ይሄን አይፈራም። 5 ሚሊ ውፍረት ያለው አዲስ የብረት ገመድ ከ1 ቶን በላይ ይችላል። 9 ሽቦ የቀረው ግን የዚያን አንድ አምስተኛ እንኳ በቅጡ አይችልም። ስለዚህ ረዳታችሁን አትቆጡት። ልጁ የተቀመጠው ቀድሞ ባለቀ ካቦ ላይ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ሰው የማያነሳው ነው፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ብሎኑ። ካቦውን ስፖንዳው ላይ የሚይዘው ኦሪጅናል ብሎን ከራሱ ሥር ክር የሌለው ለስላሳ አንገት አለው። እስከ መጨረሻ ብታጠብቂውም የካቦው ጫፍ አንገቱ ላይ እንደልቡ ይዞራል። መዞርም አለበት፤ ስፖንዳው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር አብሮ ይዞራል። አንድ ቀን ያ ብሎን ይጠፋል ወይ ክሩ ያልቃል። ከዚያ አንዱ ካለው ሣጥን ውስጥ ያገኘውን ብሎን ይከትና በሮንዴላ ጥርቅም አድርጎ ያስረዋል። ጫፉ መዞር አቆመ። ከዚያ በኋላ ስፖንዳው በተከፈተ ቁጥር የሚታጠፈው ሽቦው ራሱ ነው፣ ሁልጊዜ አንዲት ቦታ ላይ። ሽቦ በእጅሽ መበጠስ ስትፈልጊ ምን ታደርጊያለሽ? አንድ ቦታ ላይ እያጠፍሽ ትመልሻለሽ። እንደዚያው ነው።

ካቦሽ የተበጠሰው ከጫፉ ብረት ሥር ተጠግቶ ከሆነ ብሎኑን እይው። አንገት ከሌለው አዲሱም ካቦ ብዙ አይቆይም።

ለምን ሁለቱንም እንዳልኩሽ አሁን ግልጽ ይመስለኛል። ሁለቱ መንትያ ናቸው። አብረው ተገጠሙ፣ አብረው ዝናብና የቲማቲም ውሃ ጠጡ። በዚያ ላይ የቀኙ ሲበጠስ ግራው በአንድ ጊዜ ሙሉውን ጭነት ተቀብሏል፤ ያ ድንጋጤ ውስጡ ሽቦ ሳይበጥስ አልቀረም። አዲስ ካቦ ከተሳበ አሮጌ ጋር ስትገጥሚ ደግሞ ስፖንዳው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። አጭሩ ካቦ ሸክሙን ብቻውን ይወስዳል፣ ማጠፊያው ይጣመማል፣ ከዚያ መቆለፊያው አልገጥም ይላል። ያኔ ወጪው ከካቦ ወደ ባቶላሜራ፣ ወደ ቆርቆሮ ማቃኛ፣ ይዛወራል።

የሳይክሉ ካቦ ነገር። የሳይክል ፍሬን ካቦ ውፍረቱ 1 ሚሊ ተኩል ገደማ ነው። ከ5 ሚሊው ጋር ሲነጻጸር ብረቱ ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም። ደርቤ ነው የሚለው ሰው በእኩል ልደርብ ካለ አሥራ አንድ ጊዜ መደረብ አለበት። ቢደርበውም ጫፉን የሚይዘው በቋጠሮ ወይ በመዶሻ በተጨፈለቀ ቱቦ ነው። ገመድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀው ከጫፉ ነው። በሰውየው አልፈርድም፤ ያለውን ነው ያቀረበው። አንቺ ግን እንቢ በዪ።

ይሄን ስል በሰው ቁስል እየተናገርኩ አይደለም። ገና ረዳት ሆኜ ስሠራ ሐረጎ ላይ አንድ የተበላሸ ማሽን ልናስነሳ ናፍታ ይዘን ሄድን። በርሜሉ ሙሉ ነበር፣ 200 ሊትር። ከነበርሜሉ ወደ 190 ኪሎ ይመጣል። ስፖንዳውን ዘረጋን። እኔ እላዩ ላይ ቆሜ በርሜሉን ወደ ጫፍ አንከባለልኩ። አንደኛው ካቦ ቀድሞ ተጠግኖ ነበር፣ ባገኙት ሽቦ። ጥግናው ሲለቅ ድምፁን አልሰማሁም፤ መሬት ላይ ራሴን አገኘሁት። በርሜሉ በጎኔ አልፎ ቁልቁል ወረደ። ስፖንዳው ቅልጥሜ ላይ የተወው ጠባሳ እስካሁን ብርድ ሲሆን ይሰማኛል። በርሜሉ ጎኔን ባይስት ኖሮ ይሄን የሚጽፍልሽ ሌላ ሰው ነበር።

ወደ ሰንሰለቱ። ሰንሰለት ያምራል አልልሽም፤ ይንኳኳል፣ ቀለም ይፍቃል። ግን አንድ ትልቅ ጸጋ አለው፦ ምንም አይደብቅም። ሲዝግ ታዪዋለሽ። የትላልቆቹ ጭነት መኪኖች ስፖንዳ ስንት ዘመን በሰንሰለት ኖሯል። ኦሪጅናል ካቦ ካጣሽ፣ ከመጥፎ ኮፒ ካቦ ጥሩ ሰንሰለት እመርጣለሁ። ቀለበቱ የተበየደ ይሁን፤ ዝም ብሎ የተጠማዘዘ ክፍት ቀለበት ሲሳብ ይከፈታል። ውፍረቱ 6 ሚሊ ይበቃል። በሁለቱም ጎን የቀለበቱን ቁጥር እኩል አድርጊ። አያያዙ በብሎን ይሁን፣ ያው አንገት ባለው ብሎን። ብየዳ ቤቱ ቀለበቱን በቀጥታ ካሶኒው ላይ ልበይድ ካለሽ አይሆንም በዪው። የፒክአፕ ላሜራ ስስ ነው። ብየዳው ቀለሙንና ዚንኩን ያቃጥለዋል፣ በዓመቱ ዙሪያውን ዝጎ ከነላሜራው ተገንጥሎ ይመጣል። አንዳንዱ ሰንሰለቱ እንዳይንኳኳ አሮጌ ካላማዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ያለብሰዋል። ጥሩ ነው፤ ታችኛው ጫፍ ግን ክፍት ይሁን። አለዚያ ያንኑ የፕላስቲኩን ታሪክ በጎማ ደገምነው።

ካቦ ስትገዢ የተበጠሰውን ናሙና ይዘሽ ሂጂ። ደሴም ኮምቦልቻም መለዋወጫ ሱቆች ጠይቂ። ከጠፋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ካለሽ ገዝቶ በአውቶቡስ ይልክልሻል። የመኪናውን ዓመተ ምሕረትና የሻንሲ ቁጥር ንገሪ፤ ነጠላ ጋቢናውና ደብል ጋቢናው አንድ ዓይነት ካቦ ላይኖራቸው ይችላል። ያገለገለ ካቦ ኦሪጅናል ነው ብለው ቢያሳዩሽም እለፊው። ያገለገለ በር፣ ያገለገለ መብራት እሺ ይሁን። ካቦ ግን ውስጡን አታዪውም። ከአሮጌ ኦሪጅናል ደህና አዲስ ኮፒ ይሻለኛል። ስቴንለስ ካገኘሽ ጥቂት ጨምረሽም ቢሆን ውሰጂ።

ርዝመቱን ከቀዳዳ መሃል እስከ ቀዳዳ መሃል ለኪ፣ ካቦውን ወጥረሽ። አሮጌው ስለሚሳብ ልኩ ሊያታልል ይችላል። የሚሻለው ስፖንዳውን ከሥር በሳጥን አስደግፎ ከካሶኒው ወለል ጋር እኩል ማድረግና ከብሎን እስከ ብሎን መለካት ነው። ትንሽ ልዩነት ቀላል እንዳይመስልሽ። ቅድም ባልኩሽ ልክ ካቦው 2 ሳንቲም ቢረዝም የስፖንዳው ጫፍ ወደ 3 ሳንቲም ተኩል ይወርዳል። ሚዛኑ ያዘነብላል፣ ቲማቲሙ ይንከባለላል፤ ከባሰ ስፖንዳው ባምፐሩን ይነካል።

መግጠሙ ከባድ አይደለም፤ ወንድምሽና ረዳታችሁ ራሳቸው በግማሽ ሰዓት ይጨርሱታል። ዋናው ነገር ሁለት ሰው መሆን ነው። አንዱ ስፖንዳውን በግማሽ ዘንበል አድርጎ ይይዛል። ካቦው ሲላላ ካሶኒው ላይ ያለውን ጫፍ ይመልከቱት። ብዙዎቹ ላይ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ያለ፣ አንድ ጎኑ ሰፊ ሌላው ጠባብ ቀዳዳ አለው፤ ከጀርባው ስስ የብረት ምላስ አለ። ምላሱን በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ፈልቀቅ አድርጎ ጫፉን ወደ ሰፊው በኩል መግፋት ነው፣ ይወጣል። ስፖንዳው ላይ ያለው ጫፍ በብሎን ነው። የብሎኑ ራስ ኮከብ ከሆነ ልኩ የሆነ ባለ ኮከብ ቁልፍ ይፈልጉ። በማይሆን ቁልፍ ታግለው ራሱን ካበላሹት ቀላሉ ሥራ የግማሽ ቀን ሥራ ሆነ ማለት ነው። ከዛገ የዝገት ማላቀቂያ ረጭተው ሻይ ጠጥተው ይምጡ። ካልሆነ ራሱን በመዶሻ ለስለስ አድርገው መታ መታ ያድርጉት፣ እንደገና ይርጩ። በእሳት ማሞቅ የመጨረሻው ነው፤ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል።

በምንም ምክንያት ሁለቱንም ካቦ በአንድ ጊዜ እንዳይፈቱ። መጀመሪያ የተበጠሰው ጎን አዲሱ ይግባ፣ ከዚያ ሌላው ይፈታ። በብዙ ፒክአፖች ስፖንዳው በተወሰነ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ከማጠፊያው ወጥቶ እንዲነሳ ተደርጎ ነው የተሠራው። ካቦ ሳይኖረው ያ ማዕዘን ላይ ከደረሰ የሚያርፈው እግር ላይ ነው። የኋላ ካሜራ ካለው ሽቦውንም ያስቡበት።

አዲሱ ሲገባ ካሶኒው ላይ የካቦው ጫፍ የሚገባባትን ጉጥና የብሎኑን አንገት ግራሶ ቀባ ያድርጓቸው። ክሩ ላይ ብሎን እንዳይላላ የሚያደርገው ሰማያዊ ማጣበቂያ ካለ ጠብ ማድረግ ይበቃል። ካጠበቁ በኋላ የካቦውን ጫፍ በሁለት ጣት ያዙሩት። ካልዞረ ተሳስተዋል፣ ይፍቱት። የብረቱ ምላስ ጠቅ ብሎ መመለሱንም በጣት ይንኩት፤ ሳይመለስ ቀርቶ መንገድ ላይ የወለቀ አይቻለሁ። ከዚያ ስፖንዳውን ዘርግቶ ከኋላ ራቅ ብሎ ማየት። ከወለሉ ጋር እኩል ነው? ሁለቱም ካቦ ተወጥሯል? አንዱ ላላ ካለ ርዝመታቸው አይመሳሰልም፤ ወደ ሱቁ ይመለስ። በመጨረሻ በሁለት እጅ ጫን ጫን አድርጎ መሞከር፣ እግርንና ጉልበትን ከሥሩ አርቆ።

ከዚህ በኋላ በወር አንዴ ደቂቃ ስጪው። ካቦውን በእጅሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳብሺው፤ ጓንት አድርጊ፣ የተበጠሰ ሽቦ እንደ መርፌ ነው። ያበጠ ቦታ ካለ ውስጡ ዝጓል፤ ዝገት ከብረቱ የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ ፕላስቲኩን ይነፋዋል። ጫፉ ላይ ቡናማ እንባ ካየሽም እንደዚያው። ከብረቱ ሥር ቀጫጭን ሽቦ ብቅ ካለ እኛ «ካቦው ጺም አወጣ» እንላለን። ጺም ያወጣ ካቦ አይላጭም፤ ይቀየራል። በጎማ ቴፕ የሚጠቀልሉት አሉ። ያ ጺሙን ይሸፍነዋል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

ላቫጆ ስትወስዱት ልጆቹ በግፊት ውሃ የካቦውን ጫፍ እንዳይመቱት ንገሯቸው፤ ውሃው በዚያች ክፍተት ይሰርጋል። ታጥቦ ሲያልቅ ስፖንዳውን ዘርግታችሁ ፀሐይ ይምታው። ከባቲ ስትመለሱ ማታውኑ የቲማቲሙን ውሃ በአንድ ባልዲ ንጹሕ ውሃ ማስለቀቅ ነው። በወር አንዴ ጫፎቹ ላይ ቀጭን ዘይት ጠብ ማድረግ ይጠቅማል። ግራሶ ግን ካቦው ላይ አትለቅልቂ፤ አቧራ ይሰበስብና እንደ አሸዋ ወረቀት ይሆናል። ሙቀት ሲነካው በሚጨማደድ ላስቲክ የጫፉን ክፍተት መዝጋት የሚወዱ አሉ። አዲስና ደረቅ ካቦ ላይ ከሆነ ጥሩ ነው። እርጥበት የገባበት ላይ ከሆነ ውሃውን ከነሽቦው መቅበር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የገበያ ቀን ሥራሽን ስለሚመለከት። ስፖንዳውን ጠረጴዛ ማድረግሽን አልከለክልሽም፤ ለዚያ የተመቸ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ሸክሙን ካቦ ላይ ከመጣል ከጫፉ ሥር ልኩ የሆነ የእንጨት ቋሚ በግራና በቀኝ አቁሙ። ሁለት ጣውላ ነው፣ አናጢ ጋ ቀላል ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለው። መኪናው ባሌስትራ፣ የሚለጠጥ ብረት፣ ላይ ነው የተቀመጠው። ሽንኩርቱ እየተሸጠ ሲሄድ ካሶኒው ወደ ላይ ይነሳል፣ ቋሚውም ይላላል። ያኔ ሽብልቅ አስገብታችሁ አጥብቁት። ቋሚው ቆሞ ሳለ ግን ዕቃ እንዳትጭኑ። ካሶኒው ሲጫን ወደ ታች ይወርዳል፤ ስፖንዳውን ቋሚው ስለያዘው ማጠፊያው ላይ ይጣመማል። ጣውላውን አንስታችሁ ጫኑ። ስትነሱም እንዳትረሱት፤ ከነቋሚው ተነስቶ የባቲን ገበያ ያሳቀ ሹፌር አውቃለሁ።

ስፖንዳው ተዘርግቶ መንዳት ደግሞ ጨርሶ ይቅር። ረጅም ዕቃ ጭነናል እያሉ ዘርግተው የሚነዱ አሉ። እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ስፖንዳው ይዘላል፣ ካቦው ይደነግጣል፤ ታርጋውም አይታይም።

ሚዛኑ ወድቋል ብለሻል። ባለ ስፕሪንግ ከሆነ ስፕሪንጉ ተስቦ ሊሆን ይችላል፤ ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙ ብቻ አያሳምንሽ። ከመሸጥሽ በፊት ያልተከፈተ የ1 ኪሎ ጨው ከሱቅ ገዝተሽ አስቀምጪበት። ከዚያ አምስት ጨምሪበት። 1 ላይ ልክ ሆኖ 6 ላይ የሚያጎድል ሚዛን ብዙ አይቻለሁ፤ ባቲ ላይ ደግሞ ደንበኛሽ ከአንቺ ቀድሞ ያውቀዋል።